ታሪኩን ከመድገም ወደ መተንተን

ተማሪዎቼ ስለ ልብ ወለድ ትንታኔ ጻፉ ሲባሉ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ይደግሙታል። «ጭብጡ ፍቅር ነው» ይሉና ቀጥታ ወደ ትረካው።

ችግሩን የፈታው አንድ ጥያቄ ነው፦ ልብ ወለዱ ስለ ፍቅር ምን ይላል? «ፍቅር የመደብን አጥር ይደፍራል እንጂ አያፈርሰውም» ሲሉ የሚያከራክር ሐሳብ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በ«ከዚያም» የሚጀምር አንቀጽ ሁሉ ተሰረዘ። (መጀመሪያ ላይ አኩርፈው ነበር!) አሁን አንቀጹ በመከራከሪያ ነጥብ ይጀምራል፤ አጭር ጥቅስ ይከተላል፤ ማብራሪያው ግን ከጥቅሱ መርዘም አለበት። ደራሲው ለምን ይህን ቃል መረጠ? ተራኪው ማን ነው? ምንስ ይደብቅብናል? ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ጋ ነው።

መግቢያውን መጨረሻ ላይ ማጻፉም ጠቅሟል።