ከሲ ፕሮግራም ውስጥ የሼል ትእዛዝ ስናስፈጽም የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ በማታው ክፍለ ጊዜ የሲ ቋንቋ ሳስተምር፣ ተማሪዎች ከፕሮግራም ውስጥ ሌላ ትእዛዝ የሚያስፈጽመውን ሲስተም የተባለውን ፋንክሽን ባወቁ ማግስት ሁሉንም ነገር በእርሱ ለመሥራት ሲነሡ አያለሁ። ደስታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን አንዱን ስህተት ደጋግሜ በማየቴ ዝም ማለት አልቻልሁም።

እርሱም ተጠቃሚው ያስገባውን ጽሑፍ ከትእዛዙ ጋር ቀጥሎ ለሲስተም መስጠት ነው። ሲስተም የተቀበለውን ለሼል፣ ማለትም የተጻፈለትን ትእዛዝ አንብቦ ለሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ ያስረክባል፤ ሼል ደግሞ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ቃሉን ይከፍላል፣ ሴሚኮለን ሲያገኝ አዲስ ትእዛዝ ይጀምራል። ከዓመታት በፊት ፒያሳ አካባቢ ለሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት ያረጁ ፎልደሮችን የሚያጠፋ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ባለቤቱ «ጥምቀት አሮጌ» የተባለው ፎልደር እንዲጠፋ አዘዙ። እኔ ስሙን በጥቅስ ስላላጠርሁት ሼሉ ሁለት ስም አድርጎ ወሰደው፤ በዚያው ሳምንት ከአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የተነሡት ፎቶዎች ያሉበትን «ጥምቀት» የተባለውን ፎልደር አጠፋ፤ «አሮጌ» የሚባል ባይኖርም፣ አርኤም በሚለው የማጥፊያ ትእዛዝ ላይ የሌለ ስም ሲያገኝ ዝም እንዲል የሚያደርገውን ሰረዝ ኤፍ ጨምሬ ስለነበር ምንም አላለም። ቅጂ አልነበራቸውም። የእኚያን ሰው ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«እንግዲያው ስሙን በነጠላ ጥቅስ አጥረዋለሁ» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። ግዕዝ የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ መካከሉ ላይ ያንኑ ምልክት ያስገባል፤ ፎልደሩን እንዲህ ብሎ ከሰየመው ጥቅሱ እዚያው ይዘጋል፣ አጥሩም ይፈርሳል። መፍትሔው ሼሉን ከመካከል ማውጣት ነው፦ በፎርክ ልጅ ፕሮሰስ (የፕሮግራሙን ቅጂ) መፍጠር፣ በልጁ ውስጥ ሌላውን ፕሮግራም የሚያስነሣውን ኤግዜክቪፒን መጥራት፣ በወላጁ በኩል ልጁ እስኪጨርስ በዌይትፒአይዲ መጠበቅ። ለትእዛዙ የሚሰጠው እያንዳንዱ ቃል (አርጉመንት) ለኤግዜክቪፒ በምንሰጠው ዝርዝር (አሬይ) ውስጥ ለብቻው ስለሚሄድ ስሙን የሚከፋፍለው የለም። አሬዩ በነል (ባዶ ፖይንተር) መጨረስ አለበት፤ ስሙ በሰረዝ ሊጀምርና እንደ ሰረዝ ኤፍ ያለ አማራጭ ሊመስል ስለሚችልም ከፊቱ ሁለት ሰረዝ ብቻ ያለበት አርጉመንት ይግባ። ፋይል ለማጥፋት፣ ስም ለመቀየር ወይም ፎልደር ለመፍጠር ብቻ ከሆነ ግን አንሊንክ፣ ሪኔምና ኤምኬዲር የተባሉት ፋንክሽኖች እያሉ ሌላ ፕሮግራም መጥራት ለምን ያስፈልጋል?

ወደ ሌላ ፎልደር ለመዛወር በሲስተም ሲዲ ማለት አይጠቅምም፤ የሚዛወረው ሼሉ ነው፣ እርሱም ወዲያው ያበቃል። ቺዲር የተባለውን ፋንክሽን ይጠቀሙ።

ትእዛዝ አስጀምሮ ውጤቱን ለማንበብ በሚያስችለው ፒኦፕን የተከፈተ በኤፍክሎዝ ሳይሆን በፒክሎዝ ይዘጋል።

ሲስተም የሚመልሰውን ቁጥር እንዳለ ማንበብም ያሳስታል። ሊኑክስ ላይ ትእዛዙ ስህተትን በሚያመለክተው በ1 ቁጥር ሲወጣ የሚመለሰው 256 ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ በደብሊውአይኤፍኤግዚትድ በራሱ መውጣቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ በደብሊውኤግዚትስታተስ ቁጥሩን ማውጣት ይገባል። 127 ከወጣ ብዙውን ጊዜ ትእዛዙ አልተገኘም ማለት ነው።

«ተርሚናል ላይ ሠርቶልኝ ነበር» የሚሉኝ ደግሞ ባሽ በተባለው ሼል ላይ የሞከሩት ናቸው። ሲስተም የሚጠራው ግን ኤስኤች የተባለውን ሼል ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ኤስኤች ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳሽ የተባለው ሌላ ሼል ነው፤ ዳሽ የባሽን አሬይም ሆነ ድርብ ማዕዘን ቅንፍ አያውቅም። ትእዛዙን ወደ ፕሮግራሙ ከማስገባታችሁ በፊት ተርሚናሉ ላይ ኤስኤች ብላችሁ ገብታችሁ እዚያው ሞክሩት።