ድሬዳዋ ላይ ቤትዎን ሲያቀዘቅዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ ድሬዳዋ ላይ ብዙ ሰው ኤሲ ግዢ ይሮጣል። ከዚያ በፊት ግን ቤቱ ሙቀት እንዳያጠራቅም ማድረግ ይቻላል።

ቀን ከፍቶ ማታ መዝጋት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። «ነፋስ ይግባ» ተብሎ ቀትር ላይ የሚከፈት መስኮት የሚያስገባው 35 ዲግሪ ገደማ የደረሰ አየር ነው። ግድግዳው፣ ወለሉና ሶሌታው ይህን ሙቀት ይመጥጡታል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳ ከውስጥ በእጅዎ ይንኩት፤ ውጭው በርዶ እሱ ገና ትኩስ ነው። መስኮቱ ከተዘጋ ያ ሙቀት የሚወጣው ወደ መኝታ ክፍልዎ ነው። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ይዝጉ፤ ማታ ውጭው ከቤቱ ሲቀዘቅዝ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶችን ከፍተው ይደሩ። ወባና ደንጊ ባለበት ከተማ መስኮቱ የትንኝ መከላከያ ወንፊት ያስፈልገዋል፤ ዋጋውም ከኤሲ ጋር አይወዳደርም።

ጣሪያን መርሳት። እዚህ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትውል ከግድግዳው ይበልጥ የሚመታው ቆርቆሮው ነው። የዛገ ወይም ጠቆር ያለ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ሙቀቱን ይዞ ወደ ኮርኒሱ ይለቀዋል። ነጭ ቀለም ይቀቡት፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የታፈነው አየር እንዲወጣም በሁለቱም ጫፍ ማናፈሻ ያስከፍቱ።

በመጋረጃ ብቻ መተማመን። ፀሐይዋ መስታወቱን ካለፈች በኋላ መጋረጃ ብዙ አያድንም፤ ሙቀቱ ገብቷል። ጥላው ከውጭ መሆን አለበት። የከዚራ ሰፈርን የባቡር ዘመን ቤቶች በረንዳና ዛፍ ልብ ብለው ይመልከቱ። ምሥራቅና ምዕራብ የሚያዩ መስኮቶች ይቅደሙ፣ ዝቅ ብላ የምትመጣውን ፀሐይ የሚቀበሉት እነሱ ናቸውና።

ወፍራም ግድግዳን ከውስጥ በፎም መሸፈን። የድንጋይ ግድግዳ ሌሊት ከቀዘቀዘ ቀን የክፍሉን ሙቀት ይቀበላል። ከውስጥ ከተሸፈነ ይህ ጥቅሙ ይቀራል። ፎሙ ከውጭ በኩል ይሁን።

ኤሲን 16 ላይ ማድረግ። መደበኛ ኤሲ በዚህ ፈጥኖ አያቀዘቅዝም፤ ሳያቋርጥ ይሠራል እንጂ። 25 ወይም 26 ላይ አድርገው ማራገቢያ ያግዙት፤ ማጣሪያውንም ያጽዱ።

በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣን በተዘጋ ክፍል ማስነሳት። ይህ መሣሪያ የሚያዋጣው ደረቅ አየር ሲያገኝ ነው። ክፍሉ ከተዘጋ እርጥበቱ ይጠራቀምና ወበቅ ይሆናል። ማሽኑ ከውጭ አየር እንዲስብ አድርገው በተቃራኒው በኩል ያለውን መስኮት ገርበብ ያድርጉ።