ቲዩብ ወይስ ትራንዚስተር? ፕሪአምፕ ስታወዳድሩ ከነዚህ ስህተቶች ራቁ

ዓለም ገና ባለችው ሱቄ በብዛት የሚመጣልኝ ቴሌቪዥንና ጂፓስ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ቲዩብ ፕሪአምፕ በፌስታል ይዞ የሚመጣ ሰው በዝቷል። አንዱ ዘመድ ከአሜሪካ ልኮለት፣ ሌላው ከቻይና አስመጥቶ። ፕሪአምፕ ማለት ከማጫወቻው የሚመጣውን ደካማ ምልክት ተቀብሎ፣ ስፒከሩን ለሚነዳው ፓወር አምፕ የሚያዘጋጅ ዕቃ ነው፤ አንዳንዱ ሥራውን የሚሠራው በሚግል የመስታወት ቲዩብ፣ ሌላው በትንሿ ትራንዚስተር ነው። ጥያቄው ያው ነው፤ «ጋሼ፣ ከትራንዚስተሩ ይሻላል አይደል?» እኔም «እንዴት አድርገህ አወዳደርከው?» እላለሁ። ነገር የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ድምፃቸውን እኩል ሳያደርጉ ማዳመጥ

ደሜን የሚያፈላው ይሄኛው ነው። ጆሯችን ትንሽ ከፍ ያለን ድምፅ «ጮኸ» አይልም፤ «ጠራ»፣ «ሞቀ»፣ «ሰፋ» ነው የሚለው። ለዚህ የ1 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ልዩነት ይበቃዋል። ቲዩብ ፕሪአምፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጌይኑ፣ ማለትም የማጉላት አቅሙ፣ ከፍ ያለ ነው። «የሁለቱንም ቮሊዩም እኩል ቦታ ላይ አድርጌዋለሁ» አትበሉኝ። የሁለት ዕቃ ቁልፍ እኩል ዞረ ማለት ድምፃቸው እኩል ሆነ ማለት አይደለም።

አንድ ደንበኛዬ ቲዩቡን እየማለ ያወድስልኝ ነበር። በአንድ ፓወር አምፕና በአንድ ስፒከር አድርገን፣ እሱ በተወው ቮሊዩም ስፒከሩ መሰኪያ ላይ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለካሁ። ቲዩቡ 2.2 ቮልት፣ ትራንዚስተሩ 1.6። ወደ 3 ዴሲቤል የሚጠጋ ልዩነት! አስተካከልኩና ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ እንዲቀመጥ አደረግኩት። ትንሽ ሰማና «በቃ ይሄ ነው ቲዩቡ! አይሰማህም እንዴ ጋሼ?» አለኝ። እየተጫወተ የነበረው ትራንዚስተሩ ነው።

ማስተካከሉ ከባድ አይደለም። 200 ኸርዝ (በሰከንድ 200 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ) የሚያሰማ ፋይል ስልካችሁ ላይ ጫኑና አጫውቱ። 200 ያልኩት ብዙ ርካሽ ቴስተር 1000 ኸርዝ ላይ ስለሚዋሽ ነው። ስፒከሩ ጫፍ ላይ ለኩ፤ 2 ቮልት ላይ ከሆናችሁ ልዩነቱ ከ0.02 አይብለጥ። ከዚያ ሌላ ሰው ይቀያይርላችሁ፣ እናንተ አትዩ። ይሄን ሳታደርጉ ስለ ቲዩብ «ሙቀት» አታውሩኝ። ሙቀት የለም እያልኩ አይደለም። ብዙ የቲዩብ ሰርኪት ሁለተኛውን ሃርሞኒክ (የዋናውን ድምፅ እጥፍ የሚርገበገብ ድምፅ) ይጨምራል፤ እሱ ደግሞ ከዋናው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ስለሆነ ጆሮን አያስቀይምም። ግን መጠኑ ትንሽ ነው። የቮሊዩም ልዩነት ካለ እሱን መስማት ዘበት ነው።

መብራቱን መርሳት

ከከተማ ወጣ ብለን የምንኖር ሰዎች ሶኬታችን ሁሌ 220 ቮልት ነው ብለን ማመን የዋህነት ነው። ጎረቤት በያጅ አለ፣ ወፍጮ ቤት አለ፣ ግቢ ውስጥ ደግሞ ምጣድ አለ። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል።

አንዱ «ቲዩቡ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሞትብኛል» ብሎ መጣ። ሳቅሁ፤ ቤቱ ሄጄ ስለካ ግን እውነቱን ነው። ቅዳሜ ግቢው በሙሉ እንጀራ ይጋገራል፤ ሶኬቱ 180 ላይ ወርዷል። የቲዩቡን ውስጥ የምታግለው ሽቦ 6.3 ቮልት ማግኘት ሲገባት 5.15 አካባቢ ነው የሚደርሳት። ትራንዚስተሩ ግን ቮልቱን የሚያረጋ ሬጉሌተር ስላለው ምንም አልመሰለውም። ሰውየው ሁለት ፕሪአምፕ ያወዳደረ መስሎታል እንጂ ያወዳደረው ምጣዱን ነው። ደህና ስታቢላይዘር ከሌላችሁ፣ እንደኔ እንደኔ ለዚህ ሰፈር ትራንዚስተር ይሻላል።

መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ መጥቶ እስኪረጋ አትሰኩ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከኋላው 120 ቮልት የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትነኩት። ይሄን መናገር ራሱ ያሳፍራል፤ ግን በየጊዜው የተቃጠለ ይመጣልኛል።

የማይግባቡ ዕቃዎችን ማጋባት

«ቲዩብ ቤዝ የለውም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ፓወር አምፑን ነው። የብዙ ቲዩብ ፕሪአምፕ አውትፑት ኢምፒዳንስ (ለምልክቱ ያለው ተቃውሞ፣ በኦም የሚለካ) ከፍ ያለ ነው፤ ጥቂት ኪሎ ኦም ይሆናል። የፓወር አምፑ ኢንፑት ቢያንስ የዚያን 10 እጥፍ መሆን አለበት። ለቲዩብ የተሠሩት 100 ኪሎ ኦም አካባቢ አላቸው፤ ከትራንዚስተሮቹ ግን 10 ኪሎ ኦም ብቻ ያላቸው አሉ።

ሌላም አለ። መውጫው ላይ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) 0.47 ማይክሮፋራድ ነው እንበል። 10 ኪሎ ኦም ላይ ስትሰኩት 34 ኸርዝ አካባቢ፣ ቤዙ ላይ ማለት ነው፣ 3 ዴሲቤል ይቀንሳል። 100 ኪሎ ኦም ላይ ግን ያው ካፓሲተር እስከ 3.4 ኸርዝ ይወርዳል። ቤዙን የበላው ቲዩቡ ሳይሆን ጋብቻው ነው።

ብርሃኑን አይቶ መግዛት

እነዚያ 6ጄ1 የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ቲዩብ ያሏቸው ርካሽ ፕሪአምፖች ደስ ይላሉ፤ እኔም አልጠላቸውም። ብዙዎቹ ግን በ12 ቮልት አዳፕተር ነው የሚሠሩት። ያ ቲዩብ ከ100 ቮልት በላይ ቢያገኝ ነው የሚወደው። ከሥሩ የሚያበራው ብርቱካናማ ብርሃንም ብዙ ጊዜ ኤልኢዲ ነው። እንዲህ ያለውን ፕሪአምፕ ሰምታችሁ «ቲዩብ እንዲህ ነው» ብላችሁ አትፍረዱ።

12ኤዩ7 የሚባለውን ቲዩብ ከ12ኤኤክስ7 ጋር አንድ ሶኬት ስለሚጠቀም ብቻ አትቀያይሩ፤ የማጉላት አቅማቸው አንዱ 20 አካባቢ፣ ሌላው 100 ነው።

ዳንቴል አታልብሱት! ሲሠራ ይግላል፣ አየር ይፈልጋል። አቧራ ከፈራችሁ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ሸፍኑት።

ክዳኑን ከፍታችሁ እጃችሁን አትክተቱ። «ነቅዬዋለሁ» መልስ አይደለም። ትክክለኛ ቲዩብ ፕሪአምፕ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከነቀላችሁት በኋላም 250 እና 300 ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ስትከፍቱ ፕሪአምፑን አስቀድሙ፤ ቲዩቡ ሲሞቅ ፓወር አምፑን ክፈቱ። ስትዘጉ በተቃራኒው። ለስፒከራችሁ ስትሉ።

የሸክላ ነገር

የአባታቸውን የ1960ዎቹ ሸክላዎች ከቁምሳጥን አውጥተው የሚመጡ ልጆችን በጣም ነው የምወዳቸው። ግን ማጫወቻውን ቀጥታ መደበኛው ኢንፑት ላይ ይሰኩትና «ትራንዚስተሩ አይሰማም» ይላሉ። የሲዲ ማጫወቻ 2 ቮልት አካባቢ ያወጣል፤ የተለመደው የሸክላ መርፌ 5 ሚሊቮልት ቢያወጣ ነው። ፎኖ የሚል መግቢያ ያስፈልገዋል። እሱ ድምፁን ከማጉላት ሌላ፣ ሲቀረጽ የተቀነሰውን ቤዝ ይመልሳል።

የአሜሪካ ማጫወቻ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። የአንዳንዶቹ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ነው። እዚያ 60 ኸርዝ ነው፣ እዚህ 50። 45 ዙር መዞር ያለበት 37.5 ላይ ይቀራል፤ ዘፋኙም ከ3 ሴሚቶን በላይ ይወርዳል። አንዱ ልጅ እንዲህ የሚዞር ሸክላ አሰማኝና «ቲዩቡ ድምፁን እንዴት እንዳወፈረው እየሰማህ ነው?» አለኝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ቀበቶ ያለው ማጫወቻ ከሆነ የሞተሩን ፑሊ (ቀበቶውን የሚያዞረውን ክብ) ቶርኖ ቤት ውሰዱና አዲስ አሠሩ። ቀበቶው የሚያርፍበት ክብ ዲያሜትር በ1.2 ይባዛ።