ከወረዳ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ፦ ይግባኝ እንዴት ይባላል?

በመሬት፣ በውርስ፣ በብድር ወይም በድብድብ ክስ የተፈረደበት ሰው ከችሎት ሲወጣ ብዙ ጊዜ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ዘመድ ነው። መሄድ ያለበት ወደ መዝገብ ቤት ነው። ይግባኝ በብዛት የሚበላሸው ቀን በማሳለፍ ስለሆነ፣ ውሳኔው በተነበበበት ዕለት የውሳኔውንና የመዝገቡን ግልባጭ በጽሑፍ ይጠይቁ። የጠየቁበት ቀንም ሆነ ግልባጩን የተረከቡበት ቀን በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ማህተም ይደረግበት። ግልባጩ ዘግይቶ ቀን ቢያልፍብዎ መከራከሪያዎ ይኸው ማህተም ነው። በቃል «ቆይተህ ና ተባልኩ» ማለት ችሎት ፊት ክብደት የለውም።

በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርበው ውሳኔው በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 323)። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ይመስላል፤ ጥር 10 የተሰጠ ውሳኔ መጋቢት 10 ላይ 60 ይሞላዋል። ችግሩ ጳጉሜን ላይ ነው። ሐምሌ 20 የተፈረደበት ሰው «ሁለት ወር አለኝ» ብሎ እስከ መስከረም 20 ከቆየ አልፎበታል፤ ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን 60ው የሚሞላው መስከረም 15፣ 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14 ነው። የክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍትም የሚገባው በዚያው ወቅት ስለሆነ፣ በሐምሌና በነሐሴ የተፈረደበት ሰው «ፍርድ ቤት ሲከፈት» ብሎ መቀመጥ የለበትም። መዝገብ ቤቱ ምን እንደሚቀበል ሄዶ ይጠይቅ።

ቀኑ ካለፈ ሬጅስትራሩ (የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ) ይግባኙን አይቀበልም። ያኔ የሚቀረው የማስፈቀጃ ማመልከቻ ነው፤ ለዚህ ያለው ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው። በቂ ምክንያት ማስረዳት ያስፈልጋል፦ ሕመም ከሆነ የተኙበትን ቀን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ፣ መንገድ ተዘግቶ ከሆነ ከመቼ እስከ መቼ እንደተዘጋ የሚገልጽ የቀበሌ ወይም የወረዳ ደብዳቤ። እዚህ ላይ ባለጉዳይ ሁሉ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። የሕጉ ቁጥር 326 የጠበቃን ስንፍና እንደ በቂ ምክንያት አይቆጥርም። «ጠበቃዬ ረስቶብኝ» ብሎ የተፈቀደለት ሰው አይኖርም። ጠበቃ ቢይዙም ቀኑን የሚቆጥሩት እርስዎ ነዎት።

በመጀመሪያ ግን መንገዱ በእርግጥ ይግባኝ መሆኑን ይለዩ። ውሳኔው እርስዎ በሌሉበት የተሰጠ ከሆነ መሄድ ያለብዎ ወደዚያው ወደ ፈረደው ፍርድ ቤት ነው፤ ውሳኔውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ በቁጥር 78 መሠረት ተነሥቶልኝ ልከራከር ብለው ያመለክታሉ። ጎረቤትዎ ከሌላ ሰው ጋር ተካሶ የእርስዎን መሬት ካስፈረደ፣ እርስዎ የክርክሩ ተካፋይ ስላልነበሩ ይግባኝ ማለት አይችሉም፤ ውሳኔው ሳይፈጸም በቁጥር 358 መሠረት መቃወሚያ ያቅርቡ። በክርክር መሀል የተሰጠ ትእዛዝም (ለምሳሌ «ይህ ምስክር አይሰማም» የሚል) ለብቻው ይግባኝ አይባልበትም። ዋናው ፍርድ ሲሰጥ ከፍርዱ ጋር አብሮ ይነሣል።

ይግባኙ የሚገባው ለበላይ ፍርድ ቤት ነው። ለምሳሌ በጎጃም የደብረ ኤልያስ ወይም የማቻከል ወረዳ ፍርድ ቤት ውሳኔ ደብረ ማርቆስ ወዳለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የደምበጫ ወይም የጃቢ ጠህናን ውሳኔ ፍኖተ ሰላም ወዳለው ይሄዳል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በመጀመሪያ ደረጃ የፈረደው ደግሞ ባሕር ዳር ወደሚገኘው የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

ማመልከቻው

የይግባኝ ማመልከቻ ብዙ ገጽ አያስፈልገውም። የሥር ፍርድ ቤቱ (ውሳኔውን የሰጠው ፍርድ ቤት) ስም፣ የመዝገቡ ቁጥር፣ ውሳኔው የተሰጠበት ቀን፣ የይግባኝ ባይና የመልስ ሰጪ ስምና አድራሻ፣ የቅሬታ ነጥቦች፣ የሚጠየቀው ዳኝነት (እንዲወሰንልዎ የሚፈልጉት)፣ መጨረሻ ላይ በቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ፊርማ። የውሳኔውና የመዝገቡ የተረጋገጠ ግልባጭ ይያያዛል። ቅጂው አንድ ለፍርድ ቤቱ፣ ለእያንዳንዱ መልስ ሰጪ አንድ፣ አንድ ደግሞ ማህተም ተመትቶበት በእጅዎ የሚቀር። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ከቀበሌው ማስረጃ ይዞ በደኃ ደንብ ይታይልኝ ማለት ይችላል፤ ይህም ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ወደ 60ኛው ቀን አያስጠጉት።

ዋናው ሥራ የቅሬታ ነጥቡ ነው። ራፖር ጸሐፊ (ማመልከቻ ጸሐፊ) ዘንድ ሄደው ታሪኩን ከአያት ጀምረው የሚያስጽፉ አሉ። የይግባኝ ዳኛ ግን ጉዳዩን እንደ አዲስ አይሰማም፤ የሚመረምረው የተጻፈውን ፍርድ ነው። ስለዚህ ከፍርዱ ውስጥ ስህተቱን በገጽና በአንቀጽ ነቅሶ ማሳየት ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ክርክሩ በሁለት ቃዳ (የመሬት መለኪያ ነው) መሬት ላይ ነው። ከሳሽ «በስጦታ አግኝቻለሁ» ብሏል፤ ተከሳሽ በመልሱ «የስጦታ ውሉ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አልተመዘገበም» ብሎ ተከራክሯል። ፍርድ ቤቱ ምስክር ሰምቶ «ስጦታው መደረጉ ተረጋግጧል» ሲል ለከሳሽ ፈረደ። በተለምዶ የሚጻፈው ቅሬታ እንዲህ ይላል፦ «የሥር ፍርድ ቤት ማስረጃዬን ወደ ጎን ትቶ በደል ፈጽሞብኛል፤ መሬቱ የአባቴ መሆኑን አገር ያውቃል።» ይህን ያነበበ ዳኛ የሚይዘው ነገር የለውም። መጻፍ የነበረበት (ጭብጥ ማለት ፍርድ ቤቱ እንዲጣራ የሚይዘው የክርክር ነጥብ ነው)፦

«የስጦታ ውሉ ያልተመዘገበ ስለሆነ በሕግ ፊት ውጤት የለውም በማለት በመልሴ አንቀጽ 3 ተከራክሬአለሁ። የሥር ፍርድ ቤት በዚህ ላይ ጭብጥ አልያዘም፤ በፍርዱም ላይ ይህን ክርክር ያልተቀበለበትን ምክንያት አልገለጸም። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ እንዲቀርብ የጠየቅኩትንም በዝምታ አልፎታል።»

ዳኝነቱም በዚሁ ልክ ይጠየቃል፦ ውሳኔው ይሻርልኝ፤ ይህ የማይሆን ከሆነ ጭብጥ ተይዞበት ማስረጃ እንዲሰማ በቁጥር 343 መሠረት ወደ ሥር ፍርድ ቤት ይመለስልኝ። ሁለተኛውን አማራጭ የማይጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ብዙ ይግባኝ የሚሳካው በዚህ በኩል ነውና። ሦስት ጠንካራ ነጥብ ከአስር ደካማ ይሻላል፤ ጠንካራው በደካማው መሀል ይጠፋል።

አዲስ ነገር ማንሣት አይቻልም። በሥር ፍርድ ቤት ያልተባለ ክርክር ይግባኝ ላይ አይጀመርም። አዲስ ማስረጃም የሚፈቀደው በቁጥር 345 በጠባቡ ነው፦ የሥር ፍርድ ቤት መቀበል ሲገባው ያልተቀበለው ከሆነ፣ ወይም ይግባኝ ሰሚው ራሱ ለፍርድ ያስፈልገኛል ካለ። አንድ ሰነድ አሁን ከሣጥን ተገኘ ብሎ መሮጥ አያዋጣም።

ይግባኝ ብቻውን አፈጻጸም አያስቆምም

ይግባኝ ያለ ሁሉ መሬቱ የማይነካ ይመስለዋል። አይደለም። ባላንጣው በማግሥቱ የአፈጻጸም መዝገብ ከፍቶ መሬቱን ሊረከብ፣ ሊያርስና ሊዘራ ይችላል። ስለዚህ ከይግባኙ ጋር አብሮ በመሐላ የተደገፈ የዕግድ ማመልከቻ ይግባ። ፍርድ ቤቱ የሚያየው ካልታገደ ከባድ ጉዳት ይደርሳል ወይ፣ ሳይዘገይ ቀርቧል ወይ፣ ዋስትናስ አለ ወይ የሚለውን ነው። ዕግዱ ከተፈቀደ ደብዳቤውን ተቀብለው ለሚያስፈጽመው ፍርድ ቤት በእጅ ያድርሱና የደረሰበትን ቀን ያስፈርሙ። ታግዶ ሳለ ደብዳቤው ባለመድረሱ መሬቱ ለባላንጣው የተላለፈበት ሰው ጥቂት አይደለም።

ይግባኙ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚሰማው ይግባኝ ባዩን ብቻ ነው። በዚያ ቀጠሮ የሚወሰነው ነገር «ያስቀርባል» ወይም «አያስቀርብም» ነው። አያስቀርብም ከተባለ መልስ ሰጪው ሳይጠራ ይግባኙ ይሰረዛል (ቁጥር 337)። ይህ ቀጠሮ አጭር ነው፤ ማመልከቻውን በቃል መድገም አያስፈልግም፤ ስህተቱ ያለበትን የፍርዱን ገጽ ጠቁመው ሁለት ደቂቃ ይናገሩ። ያስቀርባል ከተባለ መጥሪያውን ያደርሳሉ፤ ባላንጣው መልስ ይሰጣል፤ እሱም በፍርዱ ያልተደሰተበት ክፍል ካለ መስቀለኛ ይግባኝ ማቅረብ ይችላል። ከፊሉን ያሸነፉ ሰዎች ይህን አስበው ይግቡ።

በወንጀል

ጊዜው አጭርና ሁለት ደረጃ ያለው ነው። ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ለማለት ማሰብዎን ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር በጽሑፍ ያስታውቃሉ፤ የውሳኔው ግልባጭ ከደረሰዎ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻው ይገባል (የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 187)። የታሰረ ሰው ሁለቱንም በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩል መላክ ይችላል፤ ቤተሰብ ግን የተላከበትን ቁጥርና ቀን ይዞ መዝገብ ቤት ገብቶ መድረሱን ያረጋግጥ። የዋስትና ክልከላ ይግባኝ 20 ቀን ነው፤ እዚያ ላይ የበላይ ፍርድ ቤት የሰጠው የመጨረሻ ነው።

ጥፋቱን በችሎት አምኖ የተፈረደበት ሰው በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ የለውም፤ በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው። በቅጣት ላይ ሲሆን «ቅጣቱ በዛብኝ» አይበቃም። የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006ን ይዘው ወንጀሉ በየትኛው ደረጃና እርከን እንደተያዘ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ካሉት ማቅለያዎች የትኛው ተነሥቶ እንዳልተያዘ ያሳዩ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ይፈቅዳል፤ ችሎቱን በግልጽ ይጠይቁ።

ሰበር

ከፍተኛው ፍርድ ቤት የወረዳውን ፍርድ ካጸናው የቀረው ሰበር ችሎት ነው። ሰበር ምስክር ማን አመነ ማን ዋሸ አይመዝንም፤ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ያያል። በፌዴራል ሰበር ማመልከቻው የመጨረሻው ውሳኔ በተሰጠ በ90 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ ሦስት ዳኞች አጣርተው ያልፋል ካሉ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች ይታያል። አምስት ዳኞች የሰጡት የሕግ ትርጉም በክልልም ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ስለሆነ፣ ከማመልከትዎ በፊት በታተሙት የሰበር ውሳኔዎች ቅጾች (ጥራዞች) ውስጥ ተመሳሳይ ጉዳይ ይፈልጉ። አንድ የተስማማ ውሳኔ ማግኘት ከብዙ ገጽ ክርክር ይበልጣል።

ጠበቃው ካጠፋ

ሲጀመር የጥብቅና ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ይዩ፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያው በደረሰኝ ይሁን፤ ዋናውን የመሬት ደብተር አይስጡ፣ ግልባጩ ይበቃል። «ለዳኛ የሚሰጥ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ጋር ወዲያውኑ ይለያዩ።

በጉዳይ መሸነፍ ብቻውን የጠበቃ የዲሲፕሊን ጥፋት አይሆንም። ቀን ማሳለፍ፣ ቀጠሮ መቅረት፣ የደንበኛን ገንዘብ ወይም ሰነድ አለመመለስ፣ ከሁለቱም ወገን መሥራት ግን ጥፋት ነው። ጠበቃው የክልል ፈቃድ ካለው አቤቱታው ለክልሉ ፍትሕ ቢሮ ይቀርባል፤ የፌዴራል ፈቃድ ያለው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሥርዓት ይታያል። በአቤቱታው ላይ የጥብቅና ውሉን፣ ደረሰኙን፣ የመዝገብ ቁጥሩንና ጠበቃው ያልቀረበበትን ቀጠሮ የሚያሳይ የችሎት ግልባጭ ያያይዙ። ከማስጠንቀቂያ እስከ ፈቃድ መሰረዝ የሚደርስ ቅጣት ሊወሰንበት ይችላል፤ ያለፈውን ይግባኝ ግን አይመልስም። የከፈሉትን ገንዘብና የደረሰብዎን ኪሳራ ለማስመለስ በፍትሐ ብሔር ለብቻው መክሰስ ያስፈልጋል። አቤቱታው እየታየ ሳለም የማስፈቀጃው 10 ቀን መቁጠሩን ስለማያቆም፣ መጀመሪያ እሱን ያስገቡ።