ኦሪጅናል፣ የውጭ ገበያ ወይስ ፎርጅድ? የ1970ዎቹ ግዙፍ ሮቦት መጫወቻዎች ችግርና መፍትሄ

አንድ የቆየ የሮቦት መጫወቻ ከሳጥኑ ሲወጣ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ጉድለቱ ላይ ነው። ቀለሙ ሥዕሉ ላይ እንዳለው አይደለም፤ በሞላ የሚወነጨፈው ጡጫው አይተኮስም፤ ስሙም ሌላ ነው። ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ዕቃው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ፦ ለጃፓን ገበያ የወጣ ኦሪጅናል፣ በፈቃድ ለሌላ አገር የተሸጠ፣ ወይስ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ፎርጅድ። ጃፓናዊው ላይ ብልሽት የሆነው ነገር ለአሜሪካ በወጣው ላይ የፋብሪካ ሥራ፣ ፎርጅዱ ላይ ደግሞ መታወቂያው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት በጥገና ከጠፋ በኋላ አይመለስም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምልክት፦ ስሙ ከምታውቁት ጋር አይገጥምም

የጃፓኑ መጫወቻ አምራች የባንዳይ ቅርንጫፍ የነበረው ፖፒ ማዚንገር ዜድ የተባለውን የካርቱን ሮቦት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚረዝም፣ ጃምቦ ማሺንደር በሚባል መጫወቻ በ1973 አወጣ፤ በ1974 ደግሞ ከዚንክ ቅይጥ የተሠራው ትንሹ ቾጎኪን ተከተለ። ከ1977 ጀምሮ የአሜሪካው መጫወቻ አምራች ማቴል እነዚሁን ሮቦቶች ሾጉን ዋሪየርስ ብሎ አሜሪካ ውስጥ ሸጠ። ስማቸውም ተቀየረ፦ ጌተር ድራጎን ድራጉን ሆነ፤ ኮምባትለር ቪ ኮምባትራ፤ ግሬት ማዚንገር ግሬት ማዚንጋ። ግሬንዳይዘር በ1978 ጣሊያን ሲገባ ጎልድሬክ፣ ፈረንሳይ ሲገባ ጎልዶራክ ተባለ። ጎላዮን በ1984 አሜሪካ ላይ ቮልትሮን ሆኖ መጣ።

ስለዚህ የስም ልዩነት ብቻውን የፎርጅድ ማስረጃ አይደለም። የሽያጭ ማስታወቂያ ስትፈልጉ አንዱን ሮቦት በጃፓን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ስሙ ለየብቻ ፈልጉ፤ ዋጋውም እንደ ስሙ ይለያያል። ዓረብ አገር ያላችሁ ግሬንዳይዘርን በዚያው ስሙ በዓረብኛ ፊደል ጻፉት፤ ገጸ ባሕሪው እዚያ የታወቀው ስሙ ሳይቀየር ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የማቴል ትልልቆቹ ሮቦቶች የተሠሩት ጃፓን ነው። ጀርባው ላይ «ጃፓን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ቢኖር ለጃፓን ገበያ ወጥቷል ማለት አይደለም።

ምልክት፦ የአምራቹ ጽሑፍ የለም፣ መጠኑም አነስ ይላል

ብዙ ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ከገባችሁ ግን ምርመራው ቀላል ነው።

ፕላስቲክ ፎርማ ውስጥ ሙቅ ሆኖ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ዋናው ፋብሪካ ይህን ስለሚያውቅ ፎርማውን ከሚፈለገው መጠን አስፍቶ ይሠራዋል። ፎርጅድ ሠሪው ግን ፎርማውን የሚያወጣው ካለቀለት ዕቃ ላይ ነው። ስለዚህ የእሱ ምርት አንድ ጊዜ በተሰበሰበው ላይ እንደገና ይሰበሰባል። ኤ ቢ ኤስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ከ0.4 እስከ 0.7 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ፖሊኤትሊን 2 በመቶና ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ኦሪጅናሉ 120 ሚሊ ሜትር የሆነ ክንድ በኤ ቢ ኤስ ሲቀዳ 119.3 አካባቢ፣ በፖሊኤትሊን ሲቀዳ 117.6 አካባቢ ይሆናል። ዓይን አያየውም፤ ካሊፐር የሚባለው ስስ መለኪያ ያየዋል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ጫፍ ይበላል፣ ይሸረፋል፤ ስለዚህ ከጫፍ ጫፍ አትለኩ። በሁለት የብሎን ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ፤ እሱን ጨዋታ አያበላሸውም። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን ያዙ። የምታነጻጽሩትም በዚያው አኳኋን ከተለካ፣ ኦሪጅናልነቱ ከተረጋገጠ ዕቃ ጋር ይሁን። የጃምቦ ማሺንደር አካል አየር እየተነፋበት የሚቀረጽ ባዶ ፕላስቲክ ስለሆነ ከፋብሪካ ሲወጣም መጠኑ ትንሽ ይዋዥቃል፤ እሱ ላይ ባዶውን አካል ትታችሁ ድፍን ክፍሎቹን ለኩ።

ቀጥሎ ጽሑፉ የሚኖርበትን ቦታ እዩ፦ የእግር መርገጫ፣ ጀርባ፣ የባትሪ ክዳን ውስጥ። መብራት አጥፍታችሁ የእጅ ባትሪ ከጎን አስተኝታችሁ አብሩበት። ዕቃው ላይ ጎልቶ የሚታይ ፊደል ፎርማው ላይ የተቦረቦረ ነው። ፊደሉን ለማጥፋት ቦታው ሲደፈን የደበዘዘ ወይም በጣም ለስልሶ የሚታይ አራት ማዕዘን ይቀራል። ያንን ጠባሳ ያየ ሰው ወዲያው «ፎርጅድ» ይላል፤ እዚህ ግን መታገሥ ይገባል። ጠባሳ ኖሮ መጠኑ ካነሰ ቅጂ ነው። ጠባሳ ኖሮ መጠኑ ልክ ከሆነ ግን ዋናው ፎርማ ራሱ ወደ ሌላ አምራች ተሻግሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሁለተኛው ለሰብሳቢ ብዙ ጊዜ ከተራው ኦሪጅናል ይበልጥ ያጓጓል።

ቁሱንም ፈትሹ። እንደ ሚሳይል ያለ ድፍንና ስቲከር የሌለበት ክፍል አንድ ጠብታ ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ አስገቡ፤ ሳሙናው የአየር አረፋ እንዳይጣበቅበት ያደርጋል። ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋሉ፤ ኤ ቢ ኤስ፣ ፖሊስታይሪንና ቪኒል ይሰምጣሉ። ብረት ለሚመስለው ክፍል ማግኔት አቅርቡ፦ ዚንክን አይስበውም፤ ከሳበው ቆርቆሮ ወይም ውስጡ ያለ ብሎን ነው። የበለጠ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ነጠላውን ክፍል መዝኑ። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ ክፍሉን በክር አንጠልጥሉና ታችና ጎን ሳይነካ አስጥሙት። ሚዛኑ የጨመረው ግራም የክፍሉ መጠን በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ክብደቱን ለዚያ ስታካፍሉ ዚንክ ቅይጥ ከሆነ 6.6 አካባቢ፣ አልሙኒየም ከሆነ 2.7 ያህል ይወጣል።

ምልክት፦ ጭንቅላቱ የአንዱ፣ አካሉ የሌላው

ሁለት ምክንያት አለው። ፎርጅድ ፋብሪካዎች አንድ የአካል ፎርማ አውጥተው ጭንቅላት ብቻ እየቀያየሩ ብዙ ሮቦት ይሸጡ ነበር። አንዳንድ ሻጭ ደግሞ ከተሰባበሩ ዕቃዎች አንድ ሙሉ ይገጣጥማል። አንገቱን ተመልከቱ። የፋብሪካ ሥራ ከሆነ የጭንቅላቱና የአካሉ ቁስ፣ የቀለሙ መደብዘዝና የፎርማው መጋጠሚያ መስመር ይመሳሰላሉ። የተገጣጠመ ከሆነ አንዱ ፀሐይ የመታው፣ ሌላው ትኩስ ነው፤ የብሎን አናቶችም የተላላጡ ናቸው። የመጀመሪያውን እንዳለ ተዉት፤ «ትክክለኛውን» ጭንቅላት ፈልጎ መቀየር አንድ እውነተኛ የዘመኑን ፎርጅድ ማጥፋት ነው።

ምልክት፦ ሳጥኑ አዲስ ይመስላል

የታተመበት ነገር ዘመኑን ይናገራል። ሲ ኢ የሚለው የአውሮፓ ምልክት መጫወቻ ላይ መውጣት የጀመረው በ1990 ነው፤ እሱ ያለበት የ«1978 ጎልድሬክ» ዘግይቶ የታተመ ነው። የጃፓን የባርኮድ ሥርዓት በ1978 ስለጀመረ የ1974 ሳጥን ላይ ባርኮድ አይኖርም። የቶኪዮ ስልክ ከ03 ቀጥሎ 7 አሃዝ የነበረው እስከ 1990 መጨረሻ ነው፤ ከጥር 1991 ወዲህ 8 ነው። የጃፓን ፖስታ ቁጥር 7 አሃዝ የሆነው በ1998 ነው። የፈረንሳይ ስልክ በጥቅምት 1985 8 አሃዝ፣ በጥቅምት 1996 10 አሃዝ ሆነ።

ዘግይቶ መታተም በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ በፈቃድ ድጋሚ የወጡ ብዙ አሉ። የሚያጠራጥረው የዘመን ምልክት የሌለበት፣ ግን ሥዕሉ የደበዘዘ ሳጥን ነው። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ትንንሾቹን ፊደላት እዩ። የፋብሪካ ሕትመት ላይ ጥቁር ፊደል ጠርዙ የተቆረጠና ድፍን ነው። ከፎቶ የተባዛ ከሆነ ፊደሉ ራሱ ባለቀለም ነጠብጣቦች ተከፋፍሎ ይታያል።

ምልክት፦ ጡጫው ወይም ሚሳይሉ አይተኮስም

መጀመሪያ ለየትኛው ገበያ እንደወጣ አረጋግጡ። በ1978 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሕፃን ከሌላ የሕዋ መጫወቻ የተተኮሰች ትንሽ ሚሳይል አንቃው ከሞተ በኋላ አምራቾች ተኳሽ መጫወቻዎችን ቀየሩ። በ1980ዎቹ ለአሜሪካ ከወጡት ብዙዎቹ ሞላቸው ሆን ተብሎ የደከመ ነው። ተገፍቶ ወድቆ የሚቀር ሚሳይል እዚያ ላይ ብልሽት አይደለም። ጠንካራ ሞላ አታስገቡለት፦ የገበያውን ማስረጃ ታጠፋላችሁ፤ አሮጌው ማስፈንጠሪያም ይሰበራል።

የጃፓን ገበያ ከሆነና ካልተኮሰ ፍቱት፤ ግን በተራ መስቀልያ ካቻቪቴ አይደለም። የጃፓን ብሎኖች ጄ አይ ኤስ በሚባለው የአገሪቱ ደረጃ የተቀረጹ ናቸው። ተራው ካቻቪቴ ታች ድረስ አይቀመጥም፤ ይንሸራተትና አናቱን ይልጠዋል። የጄ አይ ኤስ ቁጥር 1ና ቁጥር 2 ካቻቪቴ ይብቃችሁ። ውስጡን በደረቅ ብሩሽ አጽዱ፤ የዛገ ሞላ ከሆነ ዝገቱን አራግፋችሁ እጅግ ጥቂት የሲሊኮን ቅባት ቀቡ። ስትመልሱ ብሎኑን መጀመሪያ ወደ ግራ እያዞራችሁ አሮጌው ጥርስ ውስጥ «ጠብ» ሲል ይሰማችሁ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ። ይህን የዘለለ ሰው ፕላስቲኩ ላይ አዲስ ጥርስ ይቆርጣል፤ ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ብሎኑ መያዣ ያጣል።

ፎርጅድ ላይ የጡጫው ወይም የሚሳይሉ መጣበቅ የሚመጣው ቀዳዳውና ውስጡ የሚገባው ግንድ ከተለያየ ቁስ ተሠርተው የተለያየ ያህል ስለሚሰበሰቡ ነው። ካርታቬትራ አትንኩበት። የእርሳስ እምብርት ዱቄት ግንዱ ላይ አሹ፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ምልክት፦ ጃምቦው ተሰርጉዷል፣ ተሰብሯል፣ ማስቲሽ አይዘውም

ቁሱ የሻምፑ ጠርሙስ የሚሠራበት ፖሊኤትሊን ነው፤ ሱፐር ግሉም ቀለምም አይዘውም፣ ቆይቶ ይላጣል። ስርጉዱን ለማውጣት ስቲከር ከሌለበት በኩል የፀጉር ማድረቂያ ከ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁ። እጅ ለመንካት ሲያቃጥል በእንጨት ማንኪያ እጀታ ከውስጥ ግፉና እስኪቀዘቅዝ ያዙ፤ ቶሎ ከለቀቃችሁት ይመለሳል። ስብራት ከሆነ ከውስጥ ቁራጭ ፕላስቲክ ደግፋችሁ በትንንሽ ብሎን እሰሩ። ብሎን ይፈታል፤ ስለዚህ ማስተካከያው ከማስቲሽ የተሻለ ነው። ማዘንበል የጀመረ ሮቦት ዱባይና ጂዳ ያሉ ሰብሳቢዎች ዘንድ መኪና ውስጥ ወይም ሞቃት ዕቃ ቤት ከመቆየት ይመጣል፤ አግድም አስተኝታችሁ አስቀምጡት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው የፀሐይዋን ጨረር ስለሚያበረታው ቀይ ቀለምና ስቲከር ይነጣሉ፤ መደርደሪያውን ከመስኮት አርቁ።

ምልክት፦ ቾጎኪኑ ብረቱ ተሰነጣጥቋል

ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ብቻ ከሆነ ተራ ኦክሳይድ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ከቀለሙ ሥር የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ካለ፣ ክፍሉ አብጦ መገጣጠሚያው ከጠበቀ ግን የዚንክ ብስባሴ ነው። ሲቀልጥ የገባ ትንሽ እርሳስ ወይም ቆርቆሮ ቅይጡን ከውስጥ ያፈርሰዋል፤ እርጥበትና ሙቀት ያፋጥኑታል። መድኃኒት የለውም። መገጣጠሚያውን አታስገድዱ፤ እርጥበት መሳቢያ ከረጢት ጨምራችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ያበጠ ኦሪጅናል ልኬትንም እንደሚያሳስት አስታውሱ፤ ለማነጻጸሪያ አይሆንም።

ምልክት፦ ቪኒሉ ያጣብቃል

ማለስለሻው ዘይት ወደ ላይ እየወጣ ነው። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ አልኮል አትጠቀሙ። ለስላሳ ቪኒል ፖሊስታይሪን ላይ ለወራት ከተኛ ያቀልጠዋል፤ በመካከላቸው የፖሊኤትሊን ላስቲክ አንጥፉ።

ድንጋይ ያፈሰሰበት የባትሪ ቤት ላይ፣ ድንጋዩ አልካላይን ከሆነ በጥጥ ዘንግ አቼቶ፣ የድሮው ዚንክ ካርቦን ከሆነ በውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ቀቡ፤ ቀጥሎ በውሃ በራሰ ጥጥ ጠርጋችሁ አድርቁ። በፕላስቲክ ላይ ያለ ክሮም እንደ ጭጋግ የሳሳ ንጣፍ ስለሆነ ከደረቅ ለስላሳ ብሩሽ በቀር ምንም አይንካው።

ምልክት፦ የፎርጅዱ ቀለም እንደ ዱቄት ይወጣል

በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። የመመርመሪያ ጥጥ ዘንግ ስውር ቦታ ላይ አሹ፤ ወደ ሮዝ ወይም ቀይ ከተለወጠ አለበት። ቀይ ቀለም ራሱ ጥጡን ስለሚያቀልም ቀይ ክፍል ላይ ውጤቱን አትመኑ። አትፈግፍጉ፤ በደረቁ አትቦርሹ፤ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅማችሁ ጨርቁን ጣሉ፤ እጃችሁን ታጠቡ። ልጅ የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም።

የጎደለ ሚሳይል በአዲስ ቅጂ ከተካችሁ፣ ከሥሩ በጋለ መርፌ የማይጠፋ ነጥብ ምቱበትና የት ቦታ እንዳለች ከሳጥኑ ጋር በሚቀመጥ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ዕቃውን ከእናንተ የሚገዛው ሰው በካሊፐር ከመድከሙ በፊት ያውቀዋል።