የቢላው ሁለት ትከሻ አልገጥም ሲል፦ ጥፋቱ የሞረድ መሪው ነው

ቢላ ስትሠሩ የሚያጋጥም ብልሽት አለ፤ ምልክቱ ይህ ነው። ቢላውን ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስታዩት የአንዱ ጎን ትከሻ ወደ እጀታው ገብቷል፣ የሌላው ቀርቷል። ትከሻ የምለው እጀታው ፊት ያለውን፣ ስለቱ መሳሳት የሚጀምርበትን መስመር ነው። እዚህ ጎንደር የሥጋ ቤቶች የፋሲካ ትዕዛዝ ሲበዛ በየቀኑ የሚመጣልኝ ብልሽት ይሄ ነው።

ሁሉም እጁን ይጠረጥራል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው መሪውን ነው። መሪው ስለቱን ከግራና ከቀኝ አጣብቆ በሁለት ቡሎን የሚጠብቅ መንጋጋ ነው። ቺንጋው፣ ማለትም ግራይንደሩ ላይ የሚዞረው የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ፣ እዚያ ሲደርስ መቆም አለበት። መንጋጋው ለስላሳ ብረት ከሆነ ግን ቺንጋው ይበላውና አልፎ ይሄዳል።

አንድ ልጅ ከአዘዞ ስድስት ቢላ ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ልክ ነው። ሦስተኛው ትንሽ ዘሟል። ስድስተኛው ላይ ልዩነቱ 1 ሚሊሜትር ደርሷል። መሪውን ስኳድራ ላይ ሳስደግፈው በቀኙ መንጋጋ በኩል ብርሃን ያሳልፋል። ልጁ ሁልጊዜ በቀኝ ይጀምራል፤ አዲሱ 36 ቁጥር (ሻካራ) ቺንጋ መጀመሪያ የሚያርፈውም እዚያው ነው። ስለዚህ የተቦረቦረው ያ ጎን ብቻ ነው። መሪውን የሠራው ከተራ ብረት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ እጁን ሲወቅስ ከርሟል።

ሌላው ደንበኛ ከውጭ ያስመጣውን መሪ አሳየኝ። ሳጥኑ ላይ የጠነከረ ብረት ነው ይላል። አዲስ ሞረድ ጥጉ ላይ ባሳልፍበት ነከሰው፣ ብናኝም አወጣ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው በጣም ያናድደኛል፤ የሚባክነው የሌላ ሰው ብረትና ድካም ነው።

ስለዚህ ስትገዙ አዲስ ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ በማይታይ ጥግ አሳልፉት። መስታወት ላይ እንዳለ ከተንሸራተተ ጥሩ ነው። ከነከሰ ተዉት። ቀለሙንና ክብደቱን አትመኑ።

በእጅ ሞረድ ብቻ ለሚሠራ 60 ሮክዌል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) አካባቢ የጠነከረ ብረት ይበቃዋል። ለግራይንደር ግን ከጠነከረ ብረትም የሚጠነክረውን የተንግስተን ካርባይድ ፊት ያለውን ምረጡ፤ የሴራሚክ ቺንጋ የጠነከረ ብረትንም ቀስ በቀስ ይበላል። ካርባይድ ግን ሲወድቅ ይሰነጠቃል። የቺንጋውንም ጠርዝ ቶሎ ያደነዝዛል፤ ከነካ ይበቃል፣ አትጫኑት። ፊቱ በማጣበቂያ የተለጠፈ ከሆነ ሙቀት ያላቅቀዋል። ካርባይዱን ራሱን ግን ፈጽሞ አትሞርዱ። ብናኙ ውስጥ ኮባልት አለ፣ ሳንባ ይጎዳል።

ካርባይድ ካላገኛችሁ ከመኪና ባሌስትራ ሥሩ። ስንጥቅ እንደሌለው እዩ። ቀዳዳውን ሳይጠነክር ብሱ። ማግኔት መሳቡን ካቆመበት ትንሽ አልፎ አግሉትና የሞቀ ዘይት ውስጥ ንከሩት። ዘይቱ እሳት ከያዘ በክዳን አፍኑት። ውኃ እንዳትደፉበት! ከዚያ 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ሲጠነክር ስለሚጣመም ወፍራም መስታወት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግታችሁ ሁለቱን መንጋጋ አንድ ላይ አስራችሁ አስተካክሉ። የተቦረቦረም በዚሁ መንገድ ይድናል።

ሁለቱ ትከሻ ገጥሞ ግን አንድ ላይ ከዘመመ ጥፋቱ የቢላው ጀርባ ነው። የመሪው ሁለት ሚስማሮች የሚደገፉት ጀርባው ላይ ስለሆነ እሱን ቀድማችሁ አቅኑት።

ትከሻው ላይ ጥልቅ ጭረት ካለ ቺንጋው ከጀርባው ከሚደግፈው ጠፍጣፋ ብረት ጠርዝ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይውጣ።

መሪው ከተንሸራተተ ቡሎኖቹን በየተራ አጥብቁ።

የተበላሸውን ቢላ አትጣሉት። መሪውን ወደ እጀታው ይበልጥ የገባው ትከሻ ላይ እሰሩና የቀረውን ጎን ብቻ በ120 ቁጥር ቺንጋ እስኪደርስበት አምጡት። አንድ ጊዜ ባሳለፋችሁ ቁጥር ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ የጠነከረ ቢላ ሰማያዊ ካወጣ እዚያ ቦታ ላይ ለስልሷል። ጓንት አታድርጉ። ጓንት ቺንጋ ከያዘው እጅን ይዞ ይገባል፤ ደግሞም ሙቀቱን የሚነግራችሁ ባዶ ጣታችሁ ነው።