ደሴ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር መግጠም፦ የሚስማማ ዕቃ እንዴት ይመረጣል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ኮር አይ 5 ነው። ቤት የነበረኝ ማዘርቦርድ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ቦርድ) ኤች 110 ይባላል። የሁለቱንም ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ) አይቻለሁ፤ ሁለቱም ኤልጂኤ 1151 ናቸው። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ሌላ ምን ይጠየቃል? ዕቃው በአውቶብስ ከሚመጣ ዘመድ ጋር ደረሰ። ማታ ጋቢዬን ደርቤ ገጠምኩት። ምንም ሳያስቸግር ገባ። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ።

ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበትን ዕቃ) ሳወጣ ሳስገባ ሌሊቱ ተጋመሰ። ለካ የፕሮሰሰሩ አምራች ኢንቴል 8ኛውንና 9ኛውን ጀነሬሽን ሲያወጣ የሶኬቱን ስም ሳይቀይር ቦርዱን ቀይሮታል። እነሱ የሚፈልጉት ባለ 300 ተከታታይ የሚባለውን የቦርድ ቤተሰብ ነው። የእኔ ኤች 110 ለ6ኛና ለ7ኛ ብቻ የተሠራ ነበር። ሻጩ አልዋሸኝም፤ የጠየቅኩትን ነው የላከልኝ።

አዲስ አበባ ያለ ሰው ሲሳሳት ታክሲ ይዞ ሄዶ ይቀይራል። ለእኛ ሱቁ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከጣርማ በር ማዶ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ኮምፒውተር ቤት አለ፤ እኔ ዞሬ ያየሁት ግን ባብዛኛው ላፕቶፕ፣ ፕሪንተርና ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ነጠላ ዕቃ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ላይ ታይቶ፣ ብር ተልኮ፣ በሰው እጅ ይመጣል። የመጣው ካልገጠመ መመለሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ስለዚህ ብር ከኪሴ ከመውጣቱ በፊት ኮምፒውተሩን ወረቀት ላይ እገጥመዋለሁ። አንድ የደብተር ገጽ ይበቃል። የእያንዳንዱን ዕቃ ሙሉ ስም ጻፉ፤ አጠገቡ ከየትኛው ዕቃ ጋር በምን እንደሚገናኝ ጻፉ። ሙሉ ስም ስል «ኮር አይ 5» ማለቴ አይደለም። «ኮር አይ 5» ማለት «ቶዮታ» እንደማለት ነው። ከእሱ በኋላ ያለው ቁጥርና መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ነው የሚፈለገው።

ከሥራው ጀምሩ

ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ፣ ለትምህርትና ለፊልም ከሆነ ግራፊክስ ካርድ (ለብቻው የሚገዛ ምስል ማውጫ) አያስፈልግም። ለጌም፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግና ለሦስት አቅጣጫ ዲዛይን ያስፈልጋል። ይህን ሳይወስኑ ገበያ መውጣት ብር ማባከን ነው።

ውሳኔው ወዲያው ፕሮሰሰሩ ላይ ይመጣል። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ 12400 ኤፍ በርካሽ አገኘሁ። ብር ልላክ?»

«ካርድ አለህ?»

«የምን ካርድ?»

አብሽር፣ ቆይ ብዬ አስቆምኩት። ኢንቴል መጨረሻው ላይ «ኤፍ» የጻፈበት ፕሮሰሰር የራሱ ምስል ማውጫ የለውም። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልተገዛለት ስክሪን ላይ ምንም አይታይም። ኤፍ የሌለው 12400 ግን አለው። ራይዘን የሚባለውን ፕሮሰሰር በሚሠራው በኤኤምዲ በኩል፣ በኤኤም 4 ሶኬት ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ምስል የሚያወጡት መጨረሻቸው ላይ «ጂ» ያለባቸው ናቸው። ራይዘን 5 5600 ካርድ ይፈልጋል፤ 5600 ጂ አይፈልግም። አንድ ፊደል ናት፤ ልዩነቷ ግን ትልቅ ነው።

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ይስተካከላል። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦ በኢንቴል በኩል 4ኛ ጀነሬሽን በኤልጂኤ 1150፣ ከ6ኛ እስከ 9ኛ በኤልጂኤ 1151 (የእኔን ታሪክ አትርሱ፣ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሁለት ዓይነት ነው)፣ 10ኛና 11ኛ በኤልጂኤ 1200፣ ከ12ኛ እስከ 14ኛ በኤልጂኤ 1700። በኤኤምዲ በኩል ከራይዘን 1000 እስከ 5000 ያለው በኤኤም 4፣ ከ7000 ጀምሮ ያለው በኤኤም 5።

ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ አትደሰቱ። ቀጥሎ ባዮሱ አለ። ባዮስ ማለት ቦርዱ ሲበራ የትኛውን ፕሮሰሰር እንደሚያውቅ የተጻፈበት ፕሮግራም ነው። ለምሳሌ ቢ 450 የሚባለው የኤኤም 4 ቦርድ ራይዘን 5600ን ያስነሳል፤ ግን ባዮሱ ከታደሰ በኋላ ነው። ቦርዱ ቀድሞ የተመረተና መጋዘን የቆየ ከሆነ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም። ለማደስ ደግሞ አሮጌ ፕሮሰሰር ከሰው መለመን ሊመጣ ነው። አንዳንድ ቦርድ ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ብቻ የሚታደስበት ቁልፍ ጀርባው ላይ አለው፤ እንዲህ ያለው ከተገኘ ትንሽ ቢወደድም እኔ እሱን እመርጣለሁ። በኤልጂኤ 1700 በኩልም ያው ነው፤ ከ600 ቤተሰብ የሆነ ቦርድ 13ኛና 14ኛ ጀነሬሽንን ለመቀበል የታደሰ ባዮስ ይፈልጋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የቦርዱን ሙሉ ስም ይዛችሁ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ግቡ። የሚደገፉ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አለ። የእናንተ ፕሮሰሰር ከየትኛው የባዮስ ቁጥር ጀምሮ እንደሚሠራ አጠገቡ ተጽፏል። ከዚያ ሻጩን «ባዮሱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላወቀ ሦስቱን፣ ማለትም ቦርድ፣ ፕሮሰሰርና ራም አንድ ላይ ከእሱው ግዙ። ገጥሞ፣ አብርቶ፣ የባዮሱን ገጽ በቪዲዮ ያሳያችሁ። ከየቦታው ለቅሞ ጥቂት መቶ ብር ከማትረፍ ይህ ይሻላል።

ራም

ዲዲአር 3፣ 4 እና 5 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይተካኩም። ጥርሱ መሃል ያለው ቆረጥ ያለ ቦታ በየአንዱ ይለያያል፤ በግድ ለማስገባት መሞከር ቦርድ መስበር ነው። ኤኤም 4 የሚወስደው ዲዲአር 4ን ነው፤ ኤኤም 5 ዲዲአር 5ን ብቻ። ኤልጂኤ 1700 ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ቦርዱ ለ4 ወይም ለ5 ተብሎ ለየብቻ ተሠርቷል። ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን እንጂ ሁለቱንም አይቀበልም።

ሌላው ስህተት የላፕቶፕ ራም ማዘዝ ነው። ፎቶው ላይ ይመሳሰላሉ፤ የላፕቶፑ ግን ርዝመቱ ግማሽ ገደማ ነው። ከአንድ ባለ 16 ይልቅ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ብትገዙ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ስለሚያነብ ይፈጥናል፤ በተለይ ካርድ ለሌለው ኮምፒውተር ልዩነቱ ይታያል። አራት ቀዳዳ ባለው ቦርድ ላይ ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ በኩል ተቆጥሮ 2ኛውና 4ኛው ላይ ይገባሉ።

ግራፊክስ ካርድና ፓወር ሰፕላይ

ፓወር ሰፕላይ መብራቱን ለየዕቃው የሚያከፋፍለው ሣጥን ነው፤ እሱንና ካርዱን ነጣጥሎ መግዛት አይቻልም። ካርዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ችግር የለውም፤ አሮጌ ቦርድ አዲስ ካርድ ይቀበላል። ችግሩ መብራቱና ርዝመቱ ነው። ቀዳዳው ራሱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላይ ቀጥታ ኬብል ይመጣለታል፤ ባለ 6 ፒኑ 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ያደርሳል።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። ራይዘን 5 5600 ሲጨናነቅ 76 ዋት ገደማ ይወስዳል። አርቲኤክስ 3060 ካርድ 170 ዋት። ለቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለዲስኩና ለፋኖቹ 50 ያዙ። ድምሩ ወደ 300 ይመጣል። ታዲያ 300 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል? አይበቃም። ካርዱ ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ ይስባል፤ ሰፕላዩም ሁልጊዜ ጥግ ድረስ ሲሠራ ዕድሜው ያጥራል። አምራቹ ለዚህ ካርድ የሚመክረው 550 ዋት ነው። እኔም ከዚያ አልወርድም።

ዋት ብቻ አትቁጠሩ። ከርካሽ ኬዝ (ዕቃው ሁሉ የሚገባበት ሣጥን) ጋር አብሮ የሚመጣውን ሰፕላይ በእጃችሁ መዝኑት፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ከቀለላችሁ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኑት። የኬብሎቹንም ጫፍ አረጋግጡ፦ ለቦርዱ ባለ 24 ፒን፣ ለፕሮሰሰሩ ባለ 8 (ወይም 4 ሲደመር 4)፣ ለካርዱ 6 ሲደመር 2። ኬብሉ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ የሌላ ሰፕላይ ኬብል አትሰኩበት። ጫፉ ይገባል፤ ውስጡ ያለው የሽቦ አደራደር ግን ሊለይ ስለሚችል ዲስክ ያቃጥላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚያደርገውን እናውቃለን። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ካሰባችሁ፣ እላዩ ላይ የሚጻፉት ቪኤ እና ዋት አንድ እንዳልሆኑ እወቁ። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። እላዩ ላይ ስክሪኑንም ደምሩ። ፕሪንተር ግን አትሰኩበት።

ኬዝና ማቀዝቀዣ

ሜትር አውጡ። ኤቲኤክስ ቦርድ 305 በ244 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244። ትንሹ ቦርድ ትልቁ ኬዝ ውስጥ ይገባል፤ ትልቁ ትንሹ ውስጥ አይገባም። አርቲኤክስ 3060 የሚባለው ካርድ ራሱ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ባለ ሁለት ፋኑ ከ25 ሳንቲ ሜትር የሚያንስ አለ፣ ባለ ሦስት ፋኑ ከ30 የሚያልፍ አለ። ኬዙ የሚችለውን የካርድ ርዝመትና የማቀዝቀዣ ቁመት ዝርዝሩ ላይ ፈልጉ።

ያገለገለ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ካላችሁ፣ የኤልጂኤ 1200 ብሎን የኤልጂኤ 1700 ቀዳዳ ላይ አይደርስም። በአሮጌው በብሎኖቹ መሃል 75 ሚሊ ሜትር ነው፣ በአዲሱ 78። ሦስት ሚሊ ሜትር ናት፤ ያለ ማያያዣው ግን አትሆንም።

እኛ ደሴዎች በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። የጦሳ ብርድ ግማሹን ሥራ ይሠራልናል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው፤ እዚያ ለሚቀመጥ ኮምፒውተር ፊት ለፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ፋን እላለሁ።

ዲስክና ስክሪን

ቦርዱ ላይ የምትተኛዋ ቀጭን ኤስኤስዲ ሁለት ዓይነት ናት፤ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ። ቅርጿ አንድ ነው፤ ቦርዱ የትኛዋን እንደሚቀበል መመሪያው ላይ እዩ። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ካሰባችሁ ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽንና ከራይዘን 2000 በታች በይፋ አይደገፍም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ስክሪናችሁ አሮጌ ከሆነ ጀርባውን እዩ። ቪጂኤ (የድሮው የምስል መሰኪያ) ብቻ ካለው አዲሶቹ ካርዶች ላይ የሚሰካበት ቦታ የለም። መቀየሪያ ይገዛል፤ እሱም ምልክቱን የሚቀይር ዓይነት መሆን አለበት።

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ላይ ካርድ ለመጨመር

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አላፍርበትም፣ እኔም ጀምሬበታለሁ። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ያሉት ጠንካራ ናቸው። ግን ብዙዎቹ የቦርዳቸውና የሰፕላያቸው ግንኙነት የራሳቸው ብቻ ነው፤ ከገበያ የተገዛ ሰፕላይ ቀጥታ አይሰካባቸውም። ጠባቡ ኬዝ ከሆነ ደግሞ ቁመቱ ግማሽ የሆነ ካርድ ብቻ ነው የሚገባው። እዚህ ላይ ተጨማሪ ኬብል የማይፈልግ ካርድ ፈልጉ፤ ጂቲኤክስ 1650 እንዲህ ያሉ ዓይነቶች አሉት። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ እሱን ሸጦ ከዜሮ መጀመር ይሻላል።

ዕቃው ሲደርስ

ያመጣላችሁ ሰው ሳይሄድ የስልክ መብራት አብርታችሁ ፒኖቹን እዩ። በኢንቴል ፒኑ ቦርዱ ላይ ነው፣ በኤኤም 4 ፕሮሰሰሩ ላይ። አንድ የተጣመመ ካለ ወዲያው ፎቶ አንሱና ለሻጩ ላኩ። ከዚያ የሱፍ ሹራባችሁን አውልቁ። በደረቅ ብርድ ሱፍ ሲፋተግ ጸጉር የሚያቆም ብልጭታ ይፈጥራል፤ ራም ለማበላሸት ከዚያ ያነሰ ይበቃል። የኬዙን ብረት ነካ እያደረጋችሁ ሥሩ። ካቻቢቴ አንድ ይበቃል።

መብራት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት የሰፕላዩን ጀርባ እዩ። አንዳንዱ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ አለ። የእኛ መብራት 220 ነው፤ 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ አንድ «ጧ!» ነው የምትሰሙት።

ሁሉም ነገር ተገጥሞ፣ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ከጨለመባችሁ ደግሞ ከመደንገጣችሁ በፊት የስክሪኑን ኬብል እዩ። ሰዎች ከሚደውሉልኝ ውስጥ ስንቱ በዚህ ነው መሰላችሁ፤ ካርድ ገዝተው ኬብሉን ላይ ያለው የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ ይሰኩታል። ንቀሉና ታች ካርዱ ላይ ሰኩት።